የእናቴ እጅ አብጧል፤ ሌዘር ይጠቅማታል?

ጥያቄ፦ እናቴ 54 ዓመቷ ነው። ከሁለት ዓመት በፊት ቀኝ ጡቷ ላይ ካንሰር ተገኝቶ ጡቷም በብብቷ ያሉት ዕጢዎችም ወጡ። ኬሞ ወሰደች፤ ጨረሩን ጥቁር አንበሳ ተከታትላ ጨረሰች። ካለፈው መስከረም ጀምሮ ቀኝ እጇ ማበጥ ጀመረ፤ ቀለበቷን በሳሙና ነው ያወጣነው። አሁን አንድ ሰው እዚሁ ባሕር ዳር በሌዘር የሚያክሙ አሉ፣ 12 ጊዜ ከተመላለሰች ይጠፋል አለን። እሷ ደግሞ «ሌላ ጨረር አልፈልግም» ብላ እምቢ አለች። እውነት ይጠቅማል? ካንሰሩን አይቀሰቅስም? በግንቦት አዲስ አበባ ቀጠሮ አላት፤ በአውሮፕላን ከሄደች ይብስባታልም ይሉናል።

መልስ፦ እህቴ፣ እናትሽ እምቢ ማለታቸው አልገረመኝም። ጥፋቱ የእኛ የባለሙያዎቹ አጠራር ነው። ጥቁር አንበሳ የተሰጣቸውንም ጨረር እንላለን፣ ራጁንም ጨረር እንላለን፣ ይህን ሌዘሩንም «ጨረር እናድርግልዎት» እያልን ሰው እናስደነግጣለን። የካንሰሩ ጨረር የሴሉን ዲ ኤን ኤ ሰባብሮ የሚገድል ነው፤ ቆዳቸውን ያጠቆረውም፣ ብብታቸው ውስጥ ጠባሳ የተወውም እሱ ነው። ለእብጠት የሚውለው ሌዘር ግን ቀይ፣ ወይም ከቀዩ ትንሽ አለፍ ያለ ዓይን የማያየው ብርሃን ነው። ዲ ኤን ኤ የሚሰብር ጉልበት የለውም። ቆዳ ላይ ሲያርፍ ሙቀቱ እንኳ አይሰማም። ስለዚህ ስታስረጂያቸው «ብርሃን» በያቸው።

ይጠቅማል ወይ ላልሽው፣ ሊጠቅማቸው ይችላል፤ ብቻውን ግን አይደለም። «12 ጊዜ ተመላልሶ ይጠፋል» የሚባለውን ግን አትመኚ። ገንዘባችሁ ለአንድ ነገር ብቻ የሚበቃ ከሆነ ሌዘሩን ተዉትና ፋሻና እጁን ጨምቆ የሚይዝ ጥብቅ እጅጌ ግዙ።

መጀመሪያ እጁ ለምን እንዳበጠ። ከደም ሥር ወደ ሥጋ የሚወጣው ውሃ ሁሉ ተመልሶ ደም ሥር አይገባም። የሚተርፈው፣ ከፕሮቲኑ ጋር፣ ሊምፍ በሚባሉ ቀጫጭን ቱቦዎች ተሰብስቦ በብብት በኩል ያልፋል። ስንታመም ንፍፊት ሆነው የምንዳስሳቸው የብብት ዕጢዎች የዚያ ውሃ ማለፊያ በር ናቸው። ለባሕር ዳር ሰው ይህን ማስረዳት አይከብደኝም፦ ዓባይ ከጣና በሚወጣበት ጨረጨራ ላይ መዝጊያው ቢዘጋ ጣና የት ይሄዳል? ወንዞቹ ርብና ጉማራ ውሃ ማምጣታቸውን አይተዉም፣ ሐይቁ ይሞላል፣ ቀድሞ የሚጥለቀለቀው የፎገራ ሜዳ ነው። የእናትሽ እጅ ፎገራ ሆኗል። ዕጢዎቹ ሲወጡ በሩ ጠበበ፤ ጨረሩ የተወው ጠባሳ ደግሞ ይበልጥ አጠበበው። እ.ኤ.አ. በ2013 ብዙ ጥናቶች አንድ ላይ ተደምረው ሲታዩ፣ ብብታቸው በሰፊው ከተጠረገ ሴቶች ከአምስቱ የአንዷ ያህል እጅ ያብጣል፤ ጥቂት ዕጢ ብቻ ለምርመራ ከወጣላቸው ግን ከሃያዎቹ የአንዷ ገደማ። አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረውም በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ዓመታት ነው። ስለዚህ የእናትሽ እብጠት እንግዳ ነገር አይደለም።

ቢሆንም ስለ ሌዘሩ ከማሰባችሁ በፊት የሚቀድም ነገር አለ፤ እዚህ ላይ ድርድር አላውቅም። ሕክምናው ካለቀ በኋላ አዲስ እብጠት ሲመጣ መጀመሪያ የሚጠየቀው «ካንሰሩ ብብት ውስጥ ተመልሶ ቱቦውን ተጭኖት ይሆን?» ተብሎ ነው። ፈለገ ሕይወትም ሆነ ጥበበ ግዮን ሆስፒታል፣ ለሚያውቃቸው የቀዶ ሕክምና ሐኪም አሳዩአቸው፤ ብብታቸውን፣ ከአንገት አጥንቱ በላይ ያለውን ጎድጓዳ፣ የተሰፋበትንም ቦታ ይዳስስ፤ አልትራሳውንድ ይዘዝ። አልትራሳውንዱ የደም ሥሩንም ቢያይ መልካም ነው፤ የረጋ ደምም እጅ ያሳብጣልና። እጁ በጥቂት ቀን ውስጥ በድንገት ካበጠ፣ ጣታቸው ከደነዘዘ ወይም ሲኒ መያዝ ካቃታቸው፣ አዲስ ጓጉል ከተዳሰሰ ግንቦትን አትጠብቁ። እጁ ቀልቶ፣ ግሎ፣ ብርድ ብርድ ካላቸው ደግሞ ኢንፌክሽን ነውና በዚያው ቀን አንቲባዮቲክ ይጀመርላቸው፤ «እስኪ ነገ እንየው» አይባልም።

አሁን ወደ ብርሃኑ። ታሪኩ ከሀንጋሪ ይነሣል። እ.ኤ.አ. በ1967 ቡዳፔስት ውስጥ ኤንድሬ ሜስተር የሚባል ሐኪም ሌዘር ካንሰር ያመጣ እንደሆነ ለማየት አይጦችን ላጭቶ ደካማ ቀይ ሌዘር አበራባቸው። ካንሰር አልመጣም፤ ብርሃን ያረፈባቸው አይጦች ፀጉር ግን ካላረፈባቸው ቀድሞ በቀለ። ሳይንሱ የተጀመረው በዚህ ድንገቴ ነው። ዛሬ የሚታወቀው፣ ሴል ውስጥ ጉልበት በሚመረትበት ሚቶኮንድሪያ ላይ ያለ አንድ ፕሮቲን ይህን ብርሃን እንደሚውጥ፣ ሴሉም ሥራው እንደሚነቃቃ ነው። ከእጁ የምንጠብቀው ሁለት ነገር ነው፦ ሊምፍ ቱቦዎቹ እየተኮማተሩ ውሃውን የሚገፉበት ምት እንዲበረታ፣ ብብት ውስጥ የደደረው ጠባሳም እንዲላላ።

ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው ጥናት እ.ኤ.አ. በ2003 ከአውስትራሊያ የወጣው ነው። ስድሳ ያህል ሴቶች ተሳትፈውበታል፤ ለከፊሎቹ እውነተኛው ሌዘር፣ ለከፊሎቹ የማያበራ መሣሪያ ተደረገላቸው፤ የትኛው እንደደረሳቸው አያውቁም። ብርሃኑ 904 ናኖሜትር ነው፤ ናኖሜትር የብርሃን ሞገድ ርዝመት የሚለካበት ነው። የሚበራው ብብት ላይ 17 ቦታ፣ በሳምንት 3 ቀን፣ ለ3 ሳምንት። ይህ አንድ ዙር ይባላል። አንድ ዙር ብቻ ከማያበራው መሣሪያ የተሻለ ነገር አላሳየም። ሁለት ዙር ካገኙት ውስጥ ግን፣ ሕክምናው ካበቃ ከሁለት ሦስት ወር በኋላ ሲለካ፣ ከሦስቱ የአንዷ ያህል እጅ ከ200 ሚሊ ሊትር በላይ ጎደለ። በቡና ሲኒ ሦስት ሲኒ ያህል መሆኑ ነው። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ተቆጣጣሪም እ.ኤ.አ. በ2006 አንድ የዚህ ዓይነት መሣሪያ ለዚሁ ችግር እንዲውል ፈቀደ።

ቁጥሩን ገልብጠሽም አንብቢው፤ ከሦስቱ ሁለቷ ያን ያህል አልቀነሰላትም። ደግሞ ለውጡ የመጣው ዘግይቶ ነው። በሁለተኛው ሳምንት «ምንም የለውም» ብለው የሚያቋርጡ ሰዎች አሉ፤ በሁለተኛው ሳምንት «ይኸው ጠፋላቸው» የሚል ባለ ክሊኒክም ካለ አትመኚው።

እኔን ይበልጥ ያሳመነኝ ግን እ.ኤ.አ. በ2013 አሜሪካ ውስጥ በ46 ሴቶች ላይ የተሠራ ትንሽ ጥናት ነው። አንዱ ቡድን በእጅ ማሻሸት፣ ሌላው ብርሃን፣ ሦስተኛው ሁለቱንም አገኘ። ሁሉም ግን በፋሻ ይታሰሩ ነበር። ሁሉም ቀነሰላቸው፤ በመካከላቸው ይህ ነው የሚባል ልዩነት አልታየም። እንደኔ አረዳድ ትልቁን ሥራ የሠራው ፋሻው ነው። ብርሃኑ የማሻሸቱን ቦታ ሊይዝ ይችላል፤ ይህም ቀላል ነገር አይደለም፣ አንድን እጅ በደንብ ለማሻሸት አንድ ሰዓት ገደማ የሚፈጅብኝ ቀን አለ። የፋሻውን ቦታ ግን አይዝም። እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ 40 ሴቶችን 8 ጊዜ አክሞ ከማያበራው መሣሪያ የተለየ ውጤት አላገኘም። ነገሩ ገና ተቆርጦ ያላለቀ መሆኑን እንድታውቂው ብዬ ነው።

ካንሰሩን ይቀሰቅሳል ወይ ላልሽው፣ በእነዚህ ጥናቶች ብርሃኑ ካንሰር መለሰ የሚያሰኝ ምልክት አልታየም። ይኸው ዓይነት ብርሃን ኬሞና ጨረር በሚወስዱ አንዳንድ ሕሙማን አፍ ውስጥ ቁስል እንዳይወጣ ለመከላከል በዓለም አቀፍ መመሪያ ይመከራል። ሴል የሚያነቃቃ ነገር የካንሰር ዕጢ ያለበት ቦታ ላይ አይበራም፤ ይህ ግን ሕግ ነው። የብብቱን ምርመራ ያስቀደምኩት ለዚህ ነው። ያልተመረመረ ጓጉል ላይ፣ ኢንፌክሽን ያለበት ቆዳ ላይ፣ የረጋ ደም ያለበት እጅ ላይም አላበራም።

ከሌዘሩ ይልቅ እኔን የሚያስፈራኝ በሌዘር ስም የሚበራው ሌላው ነገር ነው። ሥራ በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት እጇ ያበጠ አንዲት የዘጌ ሴት መጣች። ትከሻዋ ደርቆ ስለነበር ቀዩን የሙቀት አምፖል ሃያ ደቂቃ አበራሁላት። «እሰይ፣ እንዴት ደስ ይላል» ብላኝ ነው የሄደችው። በማግስቱ ስትመጣ የመዳፏ ጀርባ ተነፍቶ የጣቶቿ አንጓዎች ጠፍተዋል። ሙቀት ደም ይጠራል፤ ደም በበዛ ቁጥር ወደ ሥጋ የሚወጣው ውሃ ይበዛል፤ መውጫው ግን ያው ጠባቡ በር ነው። አንድ ሳምንት ሙሉ በፋሻ ስታገል ከረምኩ፤ እሷ ምንም አላለችኝም፣ እኔ ግን ዓይኗን ማየት አፍሬ ነበር። ይህ አምፖልም ቀይ ነው፣ ይህም «የብርሃን ሕክምና» ይባላል። ለወገብ ሕመም ደህና ነው፤ ላበጠ እጅ ግን አይሆንም።

ስለዚህ ወደ ክሊኒኩ ስትሄጂ መጀመሪያ መሣሪያው ስንት ናኖሜትር እንደሆነ ጠይቂ። 904 ወይም 808 ገደማ ካሉሽ ስለ ትክክለኛው ነገር እያወራችሁ ነው። «ሙቀቱ ውሃውን ያተነዋል» ካሉሽ አመስግነሽ ውጪ። ለእናትሽም ለሚያክመውም ሰው መነጽር መኖሩን እዪ፤ ብርሃኑ ስለማይታይ ዓይን ሳያውቅ ሊጎዳ ይችላል። የቀዶ ሕክምናውን ወረቀት ይጠይቃሉ? ከመጀመራቸው በፊት እጁን በሜትር ይለካሉ? ከብርሃኑ በኋላ ያስራሉ? እነዚህን የማያደርግ ቤት መሣሪያው የቱንም ያህል ጥሩ ቢሆን ገንዘባችሁን አላሰጣችሁም። ሒሳቡንም በ12 ሳይሆን በሁለት ዙር፣ በ18 ጊዜ፣ ከባጃጁ ጋር አስቢው።

ፋሻውን በተመለከተ፣ ቁርጭምጭሚት ሲወለም የሚታሰረው ቡናማ ላስቲክ ፋሻ አይሆንም። በጣም ስለሚለጠጥ እናትሽ ተኝተው እንኳ እጃቸውን ይጨምቃል፤ ሲንቀሳቀሱ ደግሞ አብሮ ይለጠጥና ጡንቻው ተደግፎ ውሃውን የሚገፋበት ግድግዳ ያጣል። የሚፈለገው እምብዛም የማይለጠጠው ዓይነት ነው፤ ስትስቢው «አልሄድም» የሚልሽ። መጀመሪያ ቆዳው በቅባት ይለሰልሳል፣ ስስ የጥጥ እጅጌ ይገባል፣ ጣቶቹ አንድ በአንድ በቀጭን ፋሻ ይጠመጠማሉ፣ ጥጥ ይነጠፋል፤ ከዚያ ከመዳፍ ተነሥቶ እስከ ብብት። መዳፍ ላይ ጠበቅ፣ ወደ ላይ እየላላ መሄድ አለበት፤ ከተገለበጠ ውሃውን ወደ ጣት ይመልሰዋል። ሲያልቅ ጥፍራቸውን ጫን አድርገሽ ልቀቂ፤ ቅላቱ ወዲያው ካልተመለሰ፣ ወይም ጣታቸው ከደነዘዘ፣ ፍቺና እንደገና እሰሪ። ይህን አንቺ መማር አለብሽ። ፊዚዮቴራፒ ክፍል ሦስት አራት ቀን እያሳዩሽ ብታስሪ ትይዥዋለሽ።

ከሁለት እስከ አራት ሳምንት በየቀኑ ታስሮ እጁ ከዚህ በላይ አልቀንስም ሲል ልኬት ተወስዶ ጥብቅ እጅጌ ይገዛል። ግፊቱ ከ20 እስከ 30 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ቢሆን ለአብዛኛው ሰው ይበቃል። እጁ እንዳበጠ መለካት ገንዘብ መጣል ነው፤ ሲቀንስ እጅጌው ይሰፋል። ሁለት ይኑራቸው፣ አንዱ ሲታጠብ አንዱ እንዲለበስ፤ ስድስት ወር ገደማ ሲሆን ይላላና መለወጥ አለበት። ጠዋት ይለብሱታል፣ ማታ ያወልቁታል። በሚያዝያ የባሕር ዳርን ሙቀት ችሎ ይህን መልበስ እንዴት እንደሚያስጠላ ከታካሚዎቼ በየዓመቱ እሰማለሁ። እላዩ ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ረጨት ቢያደርጉበት ይበርድላቸዋል፤ ከማውለቅ ይሻላል።

እየቀነሰ መሆኑን በዓይን አትፍረጂ። የልብስ ሰፊ ሜትር ይበቃሻል፦ ከእጅ አንጓ ጀምረሽ በየ10 ሳንቲ ሜትሩ በእስክሪብቶ ምልክት አድርጊና ዙሪያውን ለኪ፣ ሁለቱንም እጅ፣ በሳምንት አንድ ቀን፣ ጠዋት። የውሃውም ዘዴ አለ፤ ጥልቅ ባልዲ እስከ አፉ ሞልተሽ ሳፋ ውስጥ አስቀምጪ፣ እናትሽ እጃቸውን ቀስ ብለው እስከ ክርናቸው በላይ ይክተቱት፣ ወደ ሳፋው የፈሰሰውን በሊትር ጆግ ለኪ። በሁለቱ እጆች መካከል ያለው ልዩነት የእብጠቱ መጠን ነው። ሌላም ነገር ሞክሪ፦ አውራ ጣትሽን ክንዳቸው ላይ ጫን አድርገሽ እስከ አሥር ቁጠሪ። ስታነሺው ጎድጎድ ያለ ምልክት ከቀረ ውሃው ገና ለስላሳ ነው፣ ፋሻ ይሰማዋል። እንደ ደረቀ ቆዳ እምቢ ካለ ሥጋው መደደር ጀምሯልና ሥራው ይረዝማል።

ጎረቤት «ዝሆኔ ነው» ብሎሽ ይሆናል፤ ብዙዎቹ ታካሚዎቼ ይህን ሰምተው ነው የሚመጡት። ዝሆኔ እዚህ እኛ አገር በአብዛኛው በቀይ አፈር ላይ በባዶ እግር ከመሄድ የሚመጣ ነው፤ የእናትሽ መነሻው ሌላ ነው። የሚገናኙት ሁለቱም የሊምፍ ችግር በመሆናቸው ነው። ምሥራቅ ጎጃም ውስጥ ወደ 700 የሚጠጉ ሰዎች የተሳተፉበትና እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ ጥናት ውሃ፣ ሳሙና፣ ቅባት፣ ፋሻና ጫማን የመሰለ እንክብካቤ እግሩ በየጊዜው እየጋለ ትኩሳት የሚያስይዘውን ግርሻት እንደቀነሰ አሳይቷል። ለእጅም ያው ነው። አንዲት ስንጥቅ ትበቃለች፤ ጀርም ገብቶ በተነሣ ቁጥር የቀሩትንም ቱቦዎች ያበላሻል። እናትሽ ዓሣ የሚያጥቡ ከሆነ የቀረሶን የጀርባ እሾህ በባዶ ቀኝ እጃቸው አይንኩ፤ ወፍራም ጓንት ያድርጉ። የምጣድ እንፋሎትም ሙቀት ነው፣ ቃጠሎም አለው። እውነቱን ለመናገር እንጀራውን ከእንግዲህ አንቺ ብትጋግሪው ይሻላል። «የተጠራቀመውን እናፍስሰው» ብሎ በምላጭ የሚበጣ ወይም ዋግምት የሚያደርግ ከመጣ በሩን ዝጉበት። የሚያሸና ክኒንም ለዚህ አይሆንም፤ ውሃውን ይስባል፣ ፕሮቲኑን ይተወዋል፣ ፕሮቲኑ መልሶ ውሃ ይጠራል።

«የታመመ እጅ ይረፍ» የሚለውም ልማድ ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 እጃቸው ያበጠ 141 ሴቶች የተሳተፉበት ጥናት በሳምንት ሁለት ቀን ክብደት እየጨመሩ ያነሡት አልባሰባቸውም፤ የእብጠቱ ግርሻ እንዲያውም አነሰላቸው። እጅጌያቸውን ለብሰው፣ ግማሽ ሊትር ውሃ በሞላ ፕላስቲክ ጀምረው፣ ቀስ እያሉ ይጨምሩ። ስግደት የሚያዘወትሩ ከሆነ ሰውነታቸው በሙሉ መዳፋቸው ላይ ስለሚያርፍ በሰሞነ ሕማማት በአንድ ቀን ብዙ ከመስገድ ይልቅ በጾሙ ሁሉ ጥቂት ጥቂት ቢለማመዱ ይሻላል።

አውሮፕላኑን አትፍሩት። ቦስተን ውስጥ ከ600 በላይ ሴቶችን ተከታትሎ እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣ ጥናት በረራ፣ ደም መቀዳትና ግፊት መለካት እብጠት ሲያመጡ አላየም። ከባሕር ዳር አዲስ አበባ በረራው አንድ ሰዓት ገደማ ነው፤ በአውቶቡስ ቀኑን ሙሉ እጅን አንጠልጥሎ ከመቀመጥ እኔ አውሮፕላኑን እመርጥላቸዋለሁ። ጥብቅ እጅጌ እስከዚያ ከተገዛላቸው ለብሰውት ይሳፈሩ፣ ሻንጣውን አንቺ ያዢ። ያ ጥናት ግን ያየው እጃቸው ገና ያላበጠውን ነውና የእናትሽ ደም ከግራ እጃቸው ይቀዳ፣ ግፊታቸውም በግራ ይለካ። ቀለበቱም ለጊዜው በግራ ጣታቸው ይሁን።